የእቴ ፋጡሜ ድመትና የአባቴ ወፎች

እህቴ ሰዓዲያ ከጅዳ ጠቅልላ በተመለሰች ብዙም ሳትቆይ ከጎረቤታችን ከእቴ ፋጡሜ ድመት ጋር ጦር ገጠመች። የሰፈራችን ሰው እስከ ዛሬ ነገሩ ሲነሳ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ የወፍ ጠበቃ፣ ግማሹ የድመት ጠበቃ ነው። እኔ ሪድዋን ኮምቦልቻ ላይ ጎሚስታ ነኝ፤ የተነፈሰ ጎማ እንጂ የተቀደደ ጉርብትና መለጠፍ አላውቅበትም። ግን ሰዓዲያ ታላቄ ናት፤ ወፎቹ የሚያርፉበትን ዛፍ የተከለውም አባታችን ነው፤ ስለዚህ ወደድኩም ጠላሁም መሃል ገባሁ።

ዛፉ ዘይቱን ነው። አባታችን ጀይሉ ከጨፋ ተነስቶ ከሚሴ ከተማ ሲገባ ችግኙን ቦርከና ወንዝ ዳር ካለ የዘመድ ጓሮ ነቅሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አምጥቶ ነው የተከለው። የቤቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ ዛፉ ቆሞ ነበር ይባላል። ፍሬው በደረሰ ጊዜ ሽታው ከዋናው መንገድ የሚመጣውን የናፍጣ ሽታ ያሸንፈዋል። ልጆች ሆነን ውሏችን እሱ ላይ ነበር። ዛፉ ግን ሕግ ነበረው፤ የታችኛው ቅርንጫፍ የእኛ፣ የላይኛው የወፎች። ሰዓዲያ አንድ ቀን የላይኛውን በረጅም ሸንበቆ ስታራግፍ አባታችን ደረሰባትና፣ የሰው ምሳ ነው እኮ የምታራግፊው ብሎ ተቆጣት። ወፍን ሰው ማለቱ ለብዙ ጊዜ መሳቂያችን ሆኖ ቆየ።

የሚገርመው አባታችን ወፍ ወዳድ ሆኖ አላደገም። የጨፋ ገበሬ ልጅ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ እያስጮኸ ግሪሳ ሲያባርር ነው ልጅነቱ ያለቀው። ድምፄ የሻከረው ያኔ ነው ይለን ነበር። ካረጀ በኋላ ደግሞ ያው ሰው ዘይቱኑ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ከላይ የሚንጫጩትን ሽቅብ እያየ፣ በልጅነቴ ስንቱን ጦሙን ሰድጄዋለሁ፣ አሁን ይካሱ ይላል። ዓርብ ዓርብ ሱቄን ዘግቼ ስመጣ፣ ከጁምዓ መልስ አብረን ምሳ በልተን እዚያው ጥላ ስር ጋደም እንላለን። እውነቴን ነው፣ ያ ግቢ ይናፍቀኛል። አሁንም በየሳምንቱ እየሄድኩበት ይናፍቀኛል።

ሰዓዲያ ይህን ሁሉ አላየችም። ገና ወጣት ሳለች ነበር ጅዳ የሄደችው፤ ሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ቆየች። ከአባታችን ጋር የሚገናኙት በስልክ ነው፤ እሷ አሠሪዎቿ ሳይነቁ፣ እሱ ከንጋቱ ሶላት፣ ከሱብሂ ተመልሶ። አባታችን ዘመናዊ ስልክ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ቁልፎቹ የተፋቁትን አሮጌ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚያወራት። ከድምፁ ጀርባ ወፎቹ ይንጫጫሉ። ምን እያደረግክ ነው አባ ስትለው፣ ወፎቹን እያበላሁ ይላታል። አንዳንድ ቀን ወሬ ሲያልቅባቸው ዝም ብላ ወፎቹን ታዳምጥ እንደነበር ነግራኛለች።

አባታችን ባለፈው ዓመት አንድ ማታ እንደተኛ ሳይነሳ ቀረ። ሰዓዲያ ወረቀቷ በአሠሪዎቿ እጅ ስለነበር እስኪለቋት ቀብሩም የሐዘን መቀመጫው ተዕዚያም አለፈ። ስትደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ወደየሥራው ተበትኖ ነው የጠበቃት። ታለቅሳለች ብለን እኔም ጎረቤቱም ዙሪያዋን ከበን ቆምን። አላለቀሰችም። ሻንጣዋን አስቀምጣ መጥረጊያ አነሳችና ግቢውን መጥረግ ጀመረች። ይሄ ነገሯ ከለቅሶ በላይ አስፈራኝ።

በዚያው ሰሞን ኡስታዝ ኢልያስ ሊያስተዛዝናት መጣ። ዘይቱኑን አይቶ፣ ሙስሊም ዛፍ ተክሎ ሰው ወይም እንስሳ ወይም ወፍ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል የሚለውን ሐዲስ ነገራት። አባትሽ ምንዳው አልተቋረጠም፣ ወፎቹ በበሉ ቁጥር ይደርሰዋል አላት። ኡስታዙ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ፤ ሐዲሱ ግን ሰዓዲያ ልብ ውስጥ ቀረ። ዘይቱኑ ያኔ ፍሬ አልነበረውም። እሷ ደግሞ ወቅት የምትጠብቅ ሰው አይደለችም። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ማሽላ ገዛችና ከሱብሂ በኋላ ዛፉ ስር እፍኝ እፍኝ እያደረገች መበተን ጀመረች።

ወፉ መጣ። ድንቢጡ መጣ፣ ርግብ የሚመስለው ዋኔ መጣ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ መጣ። ግቢያችን የጎረቤት ከተማችንን የሰንበቴን ገበያ መሰለ። ከጨፋ የመጣ የአጎታችን ልጅ በድሩ ይህን ሲያይ ራሱን ይዞ ሳቀ፤ እኛ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እያባረርን፣ እናንተ ከተሜዎቹ ትጋብዟቸዋላችሁ አለ። ሰዓዲያ አልሳቀችም። የአባቴ እንግዶች ናቸው አለችው።

ከዚያ ድመቷ መጣች። እቴ ፋጡሜ ከአባታችን ጋር አንድ መንደር ያደጉ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ዘመን የላቸውም፣ ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው። አብራቸው የምትኖረው አንዲት ቡራቡሬ ድመት ናት። አዱሬ ይሏታል፤ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው፣ ሌላ ስም አላወጡላትም። የማሽላ ጎተራቸውን ከአይጥ የምትጠብቀው፣ ማታ እግራቸው ስር የምትተኛው እሷ ናት። ታዲያ አዱሬ አጥር ዘልላ ገብታ፣ ከሣሩ ጥግ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ ቂጧን ወዝወዝ አድርጋ አንድ ዋኔ ይዛ ሄደች። በሌላው ቀን ደግሞ ድንቢጥ። ሰዓዲያ ጠዋት ጠዋት ላባ መልቀም ሥራዋ ሆነ።

ደወለችልኝ። ድመት እኮ ድመት ናት፣ ፈጣሪዋ አስተካክሎ የፈጠራት ለዚህ ነው ብዬ ላሾፍ ስል ድምፅዋ አቆመኝ።

"አባቴ ሲሞት አልደረስኩለትም" አለችኝ። "ሲገነዝ ፊቱን አላየሁ፣ ከፈኑን አልገዛሁለት፣ በሩ ላይ ቆሜ ሰው አላስተናገድኩ። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው ሪድዋን። ይሄንንም ድመት ይብላብኝ?"

አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ጎማ የሚጠብቀኝ አስመስዬ።

ሰዓዲያ እቴ ፋጡሜ ዘንድ ሄደች። በወጉ ነው የሄደችው፤ ስኳር ይዛ፣ አንቱ እያለች። ድመቷን ጠዋት ጠዋት እንኳ ቤት ውስጥ ይዝጉልኝ፣ ካልሆነም ይሰሯት ብላ ለመነች። እቴ ፋጡሜ ስኳሩን ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡና፣ ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ የምድርን ነፍሳት ለቅማ እንድትበላም ሳትለቃት በዚህ ምክንያት እሳት ስለገባችው ሴትዮ ሰምተሽ አታውቂም ወይ ብለው ጠየቋት። ሰምታለች፤ ማን ያልሰማ አለ።

"እንግዲያው" አሏት፣ "አስሬ እሳት ልግባልሽ፣ ኢንተላ ኮ?"

ልጄ ሲሏት ነው። ቁጣ የለበትም፤ ግን በር ዘጋ። ሰዓዲያ በአንድ ሐዲስ ሄዳ በሌላ ሐዲስ ተመለሰች።

ነገሩ ወደ ሰፈር ወጣ። ባጃጅ ነጂው ሙሀመድአሚን የድመት ወገን ነው፤ ድመት የሌለበት ሰፈር አይጥ ይነግሥበታል ይላል። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ዓፊያ የወፍ ወገን ናት፤ ወፍ እንኳን በግቢዬ፣ በጣሪያዬ ቢያርፍ በረካ ነው ትላለች። ኡስታዝ ኢልያስን ሁለቱም ወገን ጠየቁት፤ እሱም ሁለቱም ሐዲስ ትክክል ነው ብሎ ሁለቱንም አናደደ። ሽማግሌዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠው መከሩበትና ቃጭል ይታሰርላት አሉ። ለድመት ቃጭል ማን ይሰርላት ብዬ ሳቅኩ፤ ሙሀመድአሚን ግን ከምር ሰንበቴ ወርዶ ለፍየል ግልገል የሚታሰር ቃጭል ገዝቶ መጣ። አዱሬ ያን ሲያስሩላት አንገቷን ደፍታ እንደ ሙሽራ ተቀመጠች፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ዋለች። እቴ ፋጡሜ ሲመሽ ፈቱላት። ማሰር ማሰር ነው አሉ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ተኮራረፉ። ሙስሊም ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ አይፈቀድለትምና ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ሰዓዲያ "አሰላሙ ዓለይኩም"ን ለአጥሩ ትሰጠዋለች፣ እቴ ፋጡሜም መልሱን ለአጥሩ ይሰጡታል። አባታችን በነበረበት ዘመን ከዚያ ቤት ወደዚህ ቤት ሳይሸፈን የሚሄድ ሳህን አልጠፋም ነበር። በረመዳን ማን የማንን ሾርባ እንደጠጣ አይታወቅም። አሁን ዓርብ ስመጣ ሰላም ለማለት እንኳ ከማን ቤት እንደምጀምር እያሰላሁ ነው የምገባው። ሁለቱንም ተናደድኩባቸው። አባታችን ቢኖር እፈሩ ብሎ ሁላችንንም ያባርረን ነበር።

እኛ ጋ ድመት ያስቸገረው ሰው አይገድላትም፤ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ፣ ሩቅ ወስዶ ገበያ መሃል ይለቃታል። ሰዓዲያ በሰንበቴ ገበያ ቀን ማለዳ ና አለችኝ። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢገባኝም መጣሁ። እሺ ያልኳት ትክክል ናት ብዬ አይደለም። ከመጣች ጀምሮ ለራሷ አንድም ነገር ጠይቃኝ ስለማታውቅ ነው።

ጉበት አዘጋጅታ ነበር። አዱሬ ሰው አትፈራም፤ ሰተት ብላ መጣች፣ ሸተተች፣ መብላት ጀመረች። እኔ ከረጢቱን ጣልኩባት፣ ሰዓዲያ አፉን ያዘች። ድመቷ ክንዴን ጨምድዳ ያወጣችው ጩኸት ከሚሴን ሁሉ የሚቀሰቅስ ነው። ሰዓዲያ የከረጢቱን አፍ በሲባጎ ለማሰር ትታገላለች። በዚያው ቅጽበት የግቢያችን በር ተከፈተ። እቴ ፋጡሜ ናቸው፤ ሻሻቸው አንድ ጎን ወርዶ፣ ባዶ እግራቸውን።

የሚጮሁ መስሎኝ ነበር። አልጮሁም። ከረጢቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ዓይናቸው መሬት ላይ ቀረ። ከጠቡ ወዲህ ግቢያችን ገብተው አያውቁም፤ ከዚያ በፊትም የሚመጡት ረፋድ ላይ፣ እህሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነበር። የዚያን ቀን ግን ማሽላው ገና እንደተበተነ ነው።

"ይሄን ማን በተነው?" አሉ።

ሰዓዲያ እኔ ነኝ አለች፣ ከረጢቱን እንደያዘች። ለአባቴ ሰደቃ ነው፣ አባቴ ያደርገው እንደነበረው ነው አለች።

"አባትሽ እህል መሬት ላይ በትኖ አያውቅም" አሉ እቴ ፋጡሜ። "ጨፋ ልጆች ሆነን ዋኔ የምናጠምደው እንዴት ይመስልሻል? ማሽላ መሬት ላይ እንበትናለን፣ ከላይ ሰፌድ በእንጨት ደግፈን ገመዱን ይዘን እንደበቃለን። መሬት ላይ የተበተነ እህል ሰደቃ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። ጀይሉ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃል።"

ሰዓዲያ መሬቱን አየች። እኔም አየሁ። ዛፉ ላይ ላለ ወፍ ድመት መቼ ደርሳ ታውቃለች? እኛ ነን ከዛፍ አውርደን አፏ ስር ያኖርናቸው። የእህቴ ፊት ሲለዋወጥ እያየሁ ይህን ባላሰብኩት ብዬ ተመኘሁ።

"ወፎቹን እያበላሁ ይለኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "በየቀኑ ይለኝ ነበር።"

እቴ ፋጡሜ ከረጢቱን ከእጇ አልነጠቋትም። ዛፉን ተደግፈው ማስረዳት ጀመሩ። ያበላ ነበር አሏት፤ ዘይቱኑ ሲደርስ የላዩን አይነካም፣ ፍሬው ሲያልቅ የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ይሰካላቸዋል፣ በበጋ ውሃ በቆርቆሮ ይሰቅላል። ድመቷስ አልኩ እኔ፤ ክንዴ እየደማ ስለነበር ነገሩ ያሳስበኛል።

"ድመቷማ ጭኑ ላይ ናት" አሉ። "ከሱብሂ ሲመለስ ከእኔ ቤት ይወስዳታል። ወፎቹ በልተው እስኪጠግቡ እያሻሸ ይዟት ይቀመጣል። ከአንቺ ጋር ሲያወራም ጭኑ ላይ ናት። ንገራት እንጂ ጀይሉ ስለው፣ ለደረትህ አይሆንም፣ ድመት አጠገብህ እንዳይደርስ ብላኛለች፣ ትቆጣኛለች ይላል።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው የዓርብ ቀትሩን አባቴን ነው። ሰዓዲያ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማችው። የያዘችው የከረጢት አፍ ከእጇ ወደቀ። አዱሬ ወጥታ አንዴ ሁላችንንም ገልመጥ አደረገችና ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ማናችንም አላየናትም።

"ስልኩ ውስጥ ድምፅ ነበር" አለች ሰዓዲያ። "ኩርር፣ ኩርር የሚል። ሲያወራም፣ ዝም ሲልም አይቋረጥም። ደረቱ መስሎኝ... ሐኪም ጋ ሂድ ስለው ይስቃል። እየሳቀ የሚደብቀኝ መስሎኝ ስንት ቀን ሳልተኛ አድሬያለሁ። አባቴን ደረቱ ነው የገደለው፣ ብኖር አሳክመው ነበር እያልኩ... ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር፣ በየሱጁዱ እኮ ዱዓ የማደርገው ለደረቱ ነበር፣ እቴ ፋጡሜ። ስንት ዓመት ሙሉ ለደረቱ።"

እቴ ፋጡሜ ቀና ብለው ጣሪያው ላይ የተጎለተችውን ድመት አዩ።

"የጀይሉ ደረት ምንም አልነበረው፤ የሰማሽው እሷን ነው" አሉ። "በመጨረሻዋ ማታም አብሮኝ ሲስቅ አምሽቶ ነው የገባ። ዱዓሽ ግን አልባከነም፤ ይኸው እሷን አወፍሯታል።"

ሰዓዲያ ሳቀች። ሳቋ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ከጅዳ ከመጣች አልቅሳ አታውቅም። ማሽላው መሃል መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ተዕዚያው ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰችው። እቴ ፋጡሜ አጠገቧ ተንበርክከው ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ በኦሮምኛ እያባበሏት፣ ልክ ሕፃን ሆና ወድቃ ስትነሳ እንደሚያባብሏት። እኔ የማደርገው ስላጣሁ ክንዴን በከረጢቱ እጠርግ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ሰዓዲያ ማሽላውን በእጇ መሰብሰብ ጀመረች። ጥቂት ሰበሰበችና ተወችው። ፊቷን በሻርፗ ጠርጋ እቴ ፋጡሜን ቀና ብላ አየቻቸው።

"ሌላስ?" አለች። "ጠዋት ጠዋት ሌላ ምን ያደርግ ነበር?"

እቴ ፋጡሜ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን አጥፈው በደንብ ተቀመጡ። ሙሀመድአሚን የምንጭነውን ሳልነግረው ለሰንበቴው መንገድ የቀጠርኩትን ባጃጅ ይዞ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ወጥቼ መልሼው መጣሁና እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።